ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፤ ስለ ዋግምትና ስለ ጥንት ሮማውያን የሐኪም መሣሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ይህችን ከተማ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ስሟንም ያገኘችው በዚያን ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን መሆኑን የታሪክ መጻሕፍት ያስረዳሉ። ብርዷን ግን መጻሕፍት ባያስረዱም የገባባት ሁሉ በገዛ ሥጋው ያውቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ የሜዳው ሣር በውርጭ ነጥቶ ይታያል፤ እረኞቹም እስከ ዐይናቸው ድረስ ተከናንበው በጎቻቸውን ይከተላሉ።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ የምንውል ሰው ስንሆን፣ በዕረፍታችን ቀናት ወደ አንኮበር እንድንጓዝ ያደረገን ነገር አንድ ቀንድ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት ከደገምን በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፣ ስለ ሮማውያን የሚያስተምሩን መምህር ኬልሱስ የተባለ ጸሐፊ መኖሩን ነገሩን። ይህ ሰው ከጌታችን ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ሕክምና ስምንት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፏል። ኬልሱስ ስለ ደም ማውጣት ሲናገር ሁለት ዐይነት ዕቃ እንዳለ ያስረዳል፤ አንዱ ከነሐስ የተሠራ፣ ሁለተኛው ከቀንድ የተሠራ ነው። በነሐሱ ውስጥ እሳት የተያያዘ ፈትል ገብቶ አፉ በሰውነት ላይ ይደፋል። ቀንዱ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለውና ባለሙያው በዚያ ቀዳዳ ነፋሱን በአፉ ስቦ ካወጣ በኋላ ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል ይላል።

ይህን ስንሰማ በክፍሉ ውስጥ የነበርን ልጆች ሁላችንም ሣቅን። መምህራችን የሣቃችን ምክንያት አልገባቸውም ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ እንደ ትልቅ ጥበብ የተናገረው ነገር በየገበያው ጥግ ስናየው ያደግነው ዋግምት ነበራ! ቀንዱም ያው፣ ቀዳዳውም ያው፣ ሰሙም ያው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከልባችን አልወጣም። ወደ ፍርድ ቤት ሥራ ከገባን በኋላ ደግሞ የተደበደበና የተወጋ ሰው መዝገብ በየቀኑ በእጃችን ያልፋልና፣ ቁስል በምን ዐይነት ብረት እንደሚከፈትና በምን ዐይነት ብረት እንደሚጠገን ማሰብ ልማዳችን ሆነ። አንኮበርም በመድኃኒት ዐዋቂዎቿና በወጌሾቿ ከጥንት ጀምሮ ስሟ የተጠራ ስለ ሆነ፣ መሣሪያቸውን በዐይናችን ለማየት ተነሣን።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በመጀመሪያ ዛፍ በሌለበት ሰፊ ደጋ ላይ ይጓዛል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ በድንጋይ የተካበ አጥር፣ በድንጋይ የተሠራ ቤት ነው፤ በየደጁም ለማገዶ የተከመረ ኩበት ይታያል። ይህን ሲያይ የቆየ መንገደኛ አገሩ ሁሉ እንዲህ ሜዳ የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን ሳይታሰብ ምድሪቱ እንደ ተቈረጠ ዳቦ ታልቅና ከእግር በታች ገደል ይከፈታል። ጉሙ ሲገለጥ ሩቅ በታች የአፋር ቆላ እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ በአንድ ወገንም የወፍ ዋሻ ደን ጥዱንና ኮሶውን ለብሶ ይጠቁራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ጎረቤላ ወደምትባለው የዛሬዋ ከተማ ያወርዳል። የቀድሞው ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ ከፊት ለፊት ነው፤ በዙሪያውም የመድኃኔ ዓለም፣ የኪዳነ ምሕረት፣ የማርያም፣ የሚካኤልና የጊዮርጊስ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ።

በዚህ ጉብታ ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነበሩ ጊዜ የአውሮጳ ሐኪም ከነመሣሪያው ወደ ሸዋ መጥቷል። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ሐሪስ የተባለው እንግሊዛዊ መልእክተኛ በታጁራ በኩል ሲመጣ፣ ከተከታዮቹ መካከል ኪርክ የተባለ ሐኪምና ሮት የተባለ የተፈጥሮ ነገር መርማሪ ነበሩ። በሚቀጥለውም ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም መጥቶ ከአንኮበር በታች ባለችው በአሊዩ አምባ የገበያ ከተማ ተቀምጧል። ሐሪስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ መድኃኒት የሚለምነው ሰው ብዙ እንደ ነበረ ይገልጻል፤ ንጉሡም ራሳቸው ለመድኃኒት ነገር ትልቅ ፍላጎት ነበራቸው።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። የእንግሊዙ ሐኪም የመሣሪያ ሣጥን ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣው የተወለወለ ብረት የሸዋን ሰው ሳያስደንቅ አልቀረም ይሆናል። ሆኖም በዚያን ዓመት ሕማምተኛን የሚያስተኛ መድኃኒት በአውሮጳ ሐኪሞች ዘንድ ገና ልማድ አልሆነም ነበር፤ ኤተር በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት ለኦፕራሲዮን የተሞከረው በ1839 ዓ.ም. ነው። ቁስልንና መሣሪያን ከመርዝ የማንጻት ሥርዐት ደግሞ ከዚህ የዘገየ ነው፤ ሊስተር የተባለው ሐኪም ይህን ጽፎ ያሳተመው በ1859 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ኪርክ በአንኮበር በነበረበት ጊዜ፣ እርሱም፣ የሸዋው ወጌሻም፣ ከሺሕ ስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ሮማዊም በአንድ ነገር እኩል ነበሩ ማለት ነው፤ ሦስቱም የሚያስጮኸውን ሰው የሚያስተኙበት አስተማማኝ መድኃኒት አልነበራቸውም፤ የሚቈርጡበትንም ብረት ከማይታየው መርዝ ማንጻት አላወቁም። ልዩነታቸው የብረቱ ጥራትና የእጃቸው ልምድ ብቻ ነበር። ይህን የምንለው የአውሮጳን ጥበብ ለማቃለል አይደለም፤ ስለ ቀደምት አባቶቻችን ድንቁርና ብዙ የሚናገሩ ሰዎች ዘመኑን እንዲቈጥሩ ብለን ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው የሐኪሞች ወራት መጣ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩ ጊዜ፣ በ1869 ዓ.ም. የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው ሰዎች በማርኬዝ ኦራጽዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ ገቡ። ንጉሡም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ሰጧቸው። አንቲኖሪ ወፍ እየሰበሰበ የሚመረምር ሽማግሌ ነበር፤ በጠመንጃ አደጋ እጁ ክፉኛ ቆስሎ ሳለ ሥራውን ሳይተው ኖሮ ነሐሴ 20 ቀን 1874 ዓ.ም. በዚያው አረፈ፤ ተቀበረም። ከእርሱም በኋላ ራጋጺና ትራቬርሲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየተራ በልጥ ማረፊያ ተቀምጠዋል። እነዚህ ከሊስተር ወዲህ የተማሩ ናቸው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላም በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞቻችንን ለማከም ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሐኪሞች ማእከል ወደዚያ ዞረ፤ አንኮበርም ለራሷ ወጌሾች ተመለሰች።

አሁን ወደ ሮማውያን ዕቃ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮ ተራራ እሳት ተፍቶ ፖምፔይ የተባለችውን ከተማ ከነዕቃዋ በአመድ ቀበራት። በ1771 ዓ.ም. ግድም ቈፋሪዎች አንድ ቤት ሲከፍቱ ብዙ የሕክምና መሣሪያ አገኙበትና ቤቱን የሐኪሙ ቤት ብለው ሰየሙት። ከዚያች ከተማ የወጣው መሣሪያ ዛሬ በናፖሊ ቤተ መዘክር ይገኛል። የመቁረጫው ካራ እጀታው ነሐስ፣ ስለቱ ብረት ነበር፤ ብረቱን ዝገት በልቶት በብዙዎቹ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነው። የእጀታው ሌላ ጫፍ እንደ ቅጠል ጠፍጥፎ የተሠራ ነው፤ በእርሱም ሥጋን ሳይቈርጡ ይገልጡበታል። ለሴቶች ሕክምና የሚያገለግል፣ በብሎን እየተጠመዘዘ የሚከፈት ዕቃም ተገኝቷል፤ ያየው ሁሉ የትላንትና ሥራ ይመስለዋል። በኢጣልያ በሪሚኒ ከተማ ደግሞ በሦስተኛው መቶ ዓመት የተቃጠለ የአንድ ሐኪም ቤት በ1989 ዓ.ም. ተገኝቶ 150 ያህል መሣሪያ ወጥቶበታል። ከእነርሱም አንዱ በሰውነት ውስጥ የቀረ የፍላጻ ጫፍ ሥጋውን ሳይቀድ የሚያወጣ፣ ማንኪያ መሳይ ዕቃ ነው፤ ኬልሱስም ስለዚሁ ማንኪያ ጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኛን የነካን የገሌኖስ ነገር ነው። ይህ ታላቅ ሐኪም የመሣሪያውን መልክ በሰም ራሱ እየቀረጸ ለነሐስ ሠሪዎች ይሰጥ ነበር። በ192 ዓ.ም. በሮማ እሳት ተነሥቶ ዕቃ ያስቀመጠበት ቤት ሲቃጠል መሣሪያውም፣ የሰሙም ቅርጽ፣ መጻሕፍቱም አብረው ጠፉ። ገሌኖስ ይህን ጥፋት ያለ ኀዘን እንዴት እንደ ተቀበለው የጻፈው ደብዳቤ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ፣ በ2005 ዓ.ም. በተሰሎንቄ በሚገኝ አንድ ገዳም ከብራና መጻሕፍት መካከል ተገኘ። በገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰ መጽሐፍ አይቶ ያለፈ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

በጎረቤላ ባደርን ማግሥት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ አንድ ወጌሻ ዘንድ የሚያደርሰን ሰው አገኘን። ሽማግሌው ከደጃቸው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሰላምታ ሰጥተን የመጣንበትን ነገር ስንነግራቸው መጀመሪያ ጠረጠሩን። «ልጄ፣ የፍርድ ቤት ሰው ነኝ ብለኸኛል። ከሳሽ አለብኝ እንዴ?» አሉን። «የለብዎትም አባቴ፤ ዕቃዎን ለማየት ብቻ ነው» ብለን ማልንላቸው። ኋላ ግን ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ልባቸው ተከፈተና የቆዳ ከረጢታቸውን ከቤት አስመጥተው በነጠላቸው ላይ ዘረገፉት።

ሦስት ቀንድ ነበረ፤ ትልቁ ከእጅ ብዛት እንደ መስተዋት ለስልሷል። ጫፉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳዩን፤ ከምላሳቸው ሥር የሚይዟትን ድብልብል ሰምም አሳዩን። አፋቸውን በቀንዱ ጫፍ ላይ አድርገው እንዴት እንደሚስቡና ሰሙን በምላሳቸው ጫፍ እንዴት ወደ ቀዳዳው እንደሚገፉት በክንዳችን ላይ ሞከሩልን። ሥጋችን ተስቦ ወደ ቀንዱ ሲገባ ተሰማን። ይህን ሁሉ በኬልሱስ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ነበር ያደረጉት፤ የዚህን ሰው ስም ግን ሰምተው አያውቁም። እኛም ከሮማ የመጣ ነው ወይም ከእኛ ወደ ሮማ የሄደ ነው አንልም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ ይገባ የነበረውን ሸቀጥ የዘረዘረ አንድ የግሪክ ነጋዴ ብረትና መጥረቢያ፣ ሰይፍና የናስ ዋንጫ ይቈጥራል እንጂ የሐኪም ዕቃ አይጠቅስም። ከብት ያለው ሕዝብ ቀንድ አለው፤ ንብ ያለው ሕዝብ ሰም አለው፤ ሁለቱን ለማገናኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግ ይሆናል።

የቀረውም ዕቃ እንዲሁ ነበር። እሾህ ማውጫው ወረንጦ ከፖምፔይ ከወጣው ወረንጦ የሚለየው ብረት በመሆኑ ብቻ ነው፤ የዚያኛው ነሐስ ነው። ጥርስ መንቀያውን ጉጠት የሠራላቸው የአገሩ ቀጥቃጭ መሆኑን በኩራት ነገሩን። ሴቶቻችን በአንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት የብር ጆሮ መጥረጊያም በሮማ ሴቶች ዕቃ መካከል አቻ አላት። ስለ ስብራት ሲነግሩን ደግሞ ሽማግሌው እንደ ወጣት ሆኑ፤ የቀርከሃውን ስንጥር አስተካክለው በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ ማሰሪያው ከጠበቀ ጣት ይበርዳል፣ ከበረደም ያለ ጊዜ መዋል ሳያስፈልግ ይፈታል፣ ካልተፈታ እጁ ይሞታል አሉን። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ያሰረው እጅ በሆስፒታል ሲቈረጥ ማየታቸውንም አልደበቁንም።

ከሁሉ በታች አንድ ቆልማማ ካራ ነበረች፤ ዝጋለች። ምን እንደ ሆነች ስንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው «የእንጥል ናት» አሉን። ሮማውያንም ለእንጥል የተለየ መሣሪያ ነበራቸው፤ አፉ ጥርስ ያለው መቆንጠጫ ሲሆን፣ ደም እንዳይበዛ እንጥሉን መጀመሪያ ጨፍልቀው በኋላ ይቈርጡት ነበር። ሮማውያን ይህን የሚያደርጉት እንጥል አብጦ ሕመም በሆነ ጊዜ ነው፤ በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሳለ ሕፃን እንጥሉ ወርዷል ተብሎ በካራ ወይም በክር ሸምቀቆ ይቈረጥበታል፤ ግግ ነው እየተባለም ገና ያልበቀለ የጥርስ ሥር ከድዱ ይወጣል። ከእንዲህ ዐይነት ካራ የተነሣ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ሕፃን መዝገብ በእኛ እጅ ተጽፏል፤ የአባቲቱን የምስክርነት ቃል ስንጽፍ ብዕራችን ከብዶን እንደ ነበረ እናስታውሳለን። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ሽማግሌው ግን ካራቸውን የተዉት በሕግ ፍርሃት አይደለም። የኤድስ በሽታ በመጣ ጊዜ የጤና ሠራተኞች ሰብስበው አስተምረዋቸው፣ በአንድ ብረት ስንት ልጅ እንደ ቈረጡ ሲያስቡ እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩን። «ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም፤ እንዳልጥላትም የአባቴ ናት» አሉ።

ይህን እያወራን ሳለን አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ከአሊዩ አምባ በኩል ያለውን ዳገት ወጥታ መጣች። ልጁ ስምንት ወሩ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲስል አድሮ ጡት አልይዝ ብሏል። «አባባ፣ እንጥሉ ወርዶበት ነውና ይቍረጡልኝ» አለች። ሽማግሌው መተዋቸውን ቢነግሯት «የእኔን የቈረጡት አባትዎ ናቸው፤ ይኸው ኖሬአለሁ» ብላ መለሰች። እኛም እንደ ሙያችን ሕጉን ልናስረዳት ጀመርን። ዐይናችንን ትክ ብላ አይታ «ጌታዬ፣ ሕጉ ሳሉን ያቆምልኛል?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ሽማግሌው ግን ልጁን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዙረው ልብሱን ገለጡለት። ጉሮሮውን አላዩም፤ ደረቱን ነበር ያዩት። በተነፈሰ ቍጥር ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጕድ ነበር። «ይህ የእንጥል አይደለም፤ ይህን ጤና ጣቢያዎቹ ያውቁታል። ነገ አይባልም፤ አሁን ተነሺ» አሏት። እርሷ ስታመነታ ራሳቸው በትራቸውን አንሥተው ፊት ፊት ሄዱ፤ እርሷም ልጇን አዝላ ተከተለች፤ እኛም ከረጢቱን ይዘን ከኋላ ነበርን።

በጤና ጣቢያው ያገኘናት ነርስ ገና ወጣት ናት። እናቲቱን አስቀምጣ፣ የልጁን ደረት ገልጣ፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች ዝም ብላ መቍጠር ጀመረች። ደቂቃው ሲሞላ 64 አለች። በዚህ ዕድሜ ላለ ሕፃን በአንድ ደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ የሳንባ ምች ምልክት መሆኑን፣ የደረቱም መሰርጐድ ይህንኑ እንደሚያጸና ነገረችን። መድኃኒቱን በውሃ በጥብጣ የመጀመሪያውን በዚያው አጠጣችው፤ የቀረውን እንዴት እንደምትሰጠው እናቲቱን ደጋግማ አስጠናቻት፤ ጡት ጨርሶ እንቢ ካለ ወይም ትንፋሹ ከባሰ በሌሊትም ቢሆን እንድታመጣው፣ ካልባሰም በሁለተኛው ቀን እንድትመለስ አዘዘቻት። ለማናቸውም ብላ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚያስልክ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍም አስረዳቻት። እናቲቱም በዚያች ሌሊት ወደ ቆላ እንዳትወርድ ሽማግሌው ቤታቸው እንድታድር አደረጉ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን ልጁ ጡት ይዞ ተኛ። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ ነርሷ ስትቈጥር የነበረው የገባውን ትንፋሽ ነው ወይስ የወጣውን ብለው ጠየቁን። ደረቱ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲወርድ አንድ ተብሎ እንደሚቈጠር ነገርናቸው። ጣታቸውን በልጁ ደረት አቅራቢያ አድርገው ጥቂት ቈጠሩ። ከዚያም ቀና ብለው «እንደዚያች ያለች ሰዓት ደብረ ብርሃን ገበያ ስንት ታወጣለች?» አሉን።